ፍራንሲስ ቤከንና የእጅ መንሻ ልማድ

የፍራንሲስ ቤከን ስም ሲነሣ ተማሪ ሁሉ የሚያስበው ፈላስፋነቱን ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ሹመቱና ስለ ውድቀቱ ጥቂት ልናወሳ ፈለግን።

ቤከን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1561 ሎንዶን ተወለደ። አባቱ ሰር ኒኮላስ የንግሥት ኤልሳቤጥ የታላቁ ማኅተም ጠባቂ ነበሩ። በ12 ዓመቱ ኬምብሪጅ ገባ። አባቱ በ1579 ሲሞቱ ግን የረባ ውርስ አላገኘም፤ ከዚያ ወዲያ ደጅ ሲጠናና ዕዳ ሲያበዛ ብዙ ዘመን አሳለፈ። በንጉሥ ጄምስ ዘመን ግን ቀናው፤ በ1613 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ በ1617 እንደ አባቱ ማኅተም ጠባቂ፣ በ1618 ሎርድ ቻንስለር ሆነ። ይህም ሹመት በዚያ ዘመን የንጉሡን ማኅተም መያዝና በቻንስሪ ችሎት በዳኝነት መቀመጥ ነበረ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሹማምንት ደመወዛቸው ትንሽ ስለ ነበረ፣ ኑሯቸውን የሚደጕሙት ባለጉዳይ በሚከፍለውና በሚያበረክተው ነበር። ንጉሡም ራሳቸው በአዲስ ዓመት ከመኳንንቱ ስጦታ ይቀበሉ ነበር። በእኛ አገር እጅ መንሻ ይባል የነበረው ዐይነት ነው። ጉቦ በሕግ ተከልክሏል፤ ስጦታ በልማድ ተፈቅዷል። ሙግቱ ካለቀ በኋላ ለምስጋና የተሰጠውን ማንም አይነቅፍም፤ ሳያልቅ የተሰጠው ግን ነውር ነው። ታዲያ አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚያውቁት ሰጪውና ተቀባዩ ብቻ ነበሩ።

በ1621 ኦብሪና ኤጀርተን የተባሉ ሁለት ባለጉዳዮች ለፓርላማ አቤት አሉ። ኦብሪ 100 ፓውንድ፣ ኤጀርተን 400 ፓውንድ ሰጥተው ነበር። የኤጀርተን ገንዘብ የቀረበው ቤከን ዐቃቤ ሕግ ሳለ ላደረገለት ውለታ ምስጋና ተብሎ ነው፤ ነገር ግን ሙግቱ ገና አላለቀም ነበር። የሚያስገርመው፣ ሁለቱም ተፈረደባቸው! የቤከን ወዳጆች ይህንን የንጽሕናው ምስክር አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን አልተዋጠልንም። ከፍሎ የተረታው ገንዘቡንም ሙግቱንም አጣ፤ ከፍሎ የረታውም ቢሆን የረታው በእውነቱ ይሁን በገንዘቡ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አያውቅም።

ክሱ 28 ነጥብ ሆነ። ቤከን ስጦታ መቀበሉን አመነ፤ ስለ ስጦታ ብሎ ፍርድ ማጣመሙን ግን አልተቀበለም። እንዲህ ያለውን መቀበል እንዳይገባ በ1612 ባሳተመው መጽሐፉ ሹማምንትን የመከረው እርሱ ራሱ ነበር። 40,000 ፓውንድ እንዲከፍል፣ እንዲታሰርና ዳግመኛ እንዳይሾም ተፈረደበት። በሎንዶን ግንብ የታሰረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ መቀጮውንም ንጉሡ ማሩት። የቀሩትን ዓመታት መጽሐፍ ሲጽፍ ቆይቶ በ1626 ብዙ ዕዳ ትቶ ሞተ።

ልማዱ ግን አብሮት አልተቀበረም። በ1725 ሌላው ሎርድ ቻንስለር፣ የማክልስፊልድ ኧርል ቶማስ ፓርከር፣ በቻንስሪ ያለውን ሹመት በገንዘብ ሰጥተዋል ተብለው ተከሰሱና 30,000 ፓውንድ ተቀጡ። እርሳቸውም መከላከያ ያደረጉት ከእርሳቸው በፊት የነበሩት እንዲሁ ያደርጉ እንደ ነበረ ነው።