ለአንድ ቀልደኛ ያለውን ሁሉ ያስያዘው ራጅ ካፑር

ራንቢር ካፑርን ታውቁታላችሁ። ካሪናንም እንደዚያው። ቲክቶክ ከከፈታችሁ በቀን አንዴ ሳታገኟቸው አትቀሩም። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አያታቸው ስለ ራጅ ካፑር ነው። ከሞተ 35 ዓመት አልፎታል።

እኔ ስሙን የሰማሁት ሰበታ፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። የቆርቆሮ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፤ ከሰዓት የህንድ፣ ማታ የቻይና ካራቴ። ቡራዩ ወይ ሱሉልታ ያደጋችሁም የእናንተው ሰፈር ቪዲዮ ቤት ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። ስለ ህንድ ፊልም ሁለት ነገር እናውቅ ነበር፤ ረጅም ነው፣ አክተሩ አይሞትም። በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስቡት አዛውንት ግን በእኛ አክተሮች ይስቁብን ነበር። እሳቸው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተው ራጅ ካፑርን ያዩ ሰው ናቸውና ከእሱ በኋላ የመጣውን ሁሉ እንደ ልጅ ጨዋታ ነው የሚቆጥሩት። እኛም የሽማግሌ ወሬ ብለን ተውነው። ዘግይቼ ታሪኩን ሳነብ ነው የገባኝ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራጅ የተወለደው በ1924 ፔሻዋር ነው፤ ከተማዋ ዛሬ የፓኪስታን ናት። አባቱ ፕሪትቪራጅ ካፑር ስመ ጥር ተዋናይ ነበሩ፤ በኋላም የራሳቸውን ተዘዋዋሪ የቴአትር ቡድን አቋቁመዋል። ልጃቸው ግን ማትሪክ አላለፈም። አባትየውም በስማቸው ተንጠላጥሎ እንዲያድግ አልፈለጉም፤ ከታች ጀምር ብለው ቦምቤይ ውስጥ ስቱዲዮ አስገቡት። ሥራው ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ያችን ጥቁር ሰሌዳ ካሜራ ፊት ማጨብጨብ ነበር። እሱ ደግሞ ሰሌዳውን ከማጨብጨቡ በፊት ፀጉሩን ያበጥራል፣ ለካሜራው ይኩራራል። አንድ ቀን እንዲህ ሲያደርግ የተዋናዩ ሰው ሠራሽ ጢም በሰሌዳው ተይዞ ተነቀለ፤ ዳይሬክተሩ ኪዳር ሻርማም በጥፊ አጮሉት ይባላል። በ1947 የመጀመሪያውን መሪ ገጸ ባሕርይ የሰጡት እኚሁ ሰው ናቸው።

በዓመቱ፣ ገና 24 ሳይሞላው፣ አር ኬ ፊልምስ የሚባል የራሱን ድርጅት ከፈተ። ፕሮዲዩሰር፣ ዳይሬክተር፣ አክተር፣ ሁሉንም እሱ። በ1951 የወጣው አዋራ የሚባለው ፊልም ዓለምን አስዞረው። ከቻርሊ ቻፕሊን የተማረውን ምስኪን መንገደኛ ህንዳዊ አደረገው፤ አጭር ሱሪ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ኪሱ ባዶ፣ ፊቱ ግን ፈገግታ። ቱርክ ወደደው፣ ቻይና ወደደው። ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ብቻ ከ60 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተቆርጧል። ናርጊስ ከምትባለው ተዋናይ ጋር የሠሯቸው ፊልሞችም ሰዉን አሳበዱት። በመሀላቸው ከፊልም ያለፈ ነገር እንደነበረ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። በኋላ ትታው ሄዳ በ1958 ሌላ አገባች። ይህን ጉዳይ ብዙ ጽፈውበታልና እኔ አልጨምርበትም።

በ1964 ሳንጋም ወጣ። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጅ፣ ሁለት ጊዜ እረፍት ያለው ፊልም ነው፤ ሰውም ጎረፈ። እዚህ ላይ ይመስለኛል ራጅ የተሳሳተው። ርዝመቱ ነው የወደዱልኝ ብሎ አሰበ መሰለኝ።

ቀጥሎ የመጣው ሜራ ናም ጆከር ነው፤ በእኛ ቋንቋ ስሜ ጆከር ነው እንደማለት። ስለ ሰርከስ ቀልደኛ የሚተርክ ፊልም። ስድስት ዓመት ፈጀ። ዝርዝሩን ስሙት፤ ዳርመንድራ፣ ራጀንድራ ኩማር፣ ማኖጅ ኩማር፣ ትግለኛው ዳራ ሲንግ፣ ፓድሚኒ፣ ሲሚ ጋሬዋል፣ ከሶቭየት ኅብረት የመጡ እውነተኛ የሰርከስ ባለሙያዎች፣ ከሞስኮ የመጣች ባለሪና። የዘመኑ ኮከብ ግማሹ አንድ ፊልም ውስጥ ገባ ማለት ነው። ራጅ ያለውን ገንዘብ አፈሰሰበት። ሲያልቅበት ንብረቱን አስይዞ ተበደረ፤ ወለዱ እየቆጠረ፣ እሱ እየቀረጸ።

ታሪኩ ሦስት ምዕራፍ አለው። ራጁ የቀልደኛ ልጅ ነው፤ አባቱ ሰርከስ ላይ በአደጋ ሞቷል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ተማሪ ሆኖ አስተማሪውን ይወዳል፤ እሷ ስታገባ ቆሞ ያያል። በሁለተኛው ሰርከስ ገብቶ ሩሲያዊቷን ማሪናን ይወዳል፤ እሷም ወደ አገሯ ትመለሳለች። እዚሁ ምዕራፍ ላይ፣ ባሏን ሰርከስ የነጠቃት እናቱ፣ ልጇ ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ስታይ ልቧ አይችልም፤ ትሞታለች። እሱ ግን ተመልካች እየጠበቀው ነው፤ ወጥቶ ያስቃል። በሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ አንዷን ለኮከብነት ያበቃትና እሷም ትሄድበታለች።

ታኅሣሥ 1970 ፊልሙ ወጣ። ከአራት ሰዓት በላይ። በዚያን ሰሞን ህንድ ራጄሽ ካና በሚባል መልከ መልካም ወጣት አብዳለች፤ ወጣቱ የሚፈልገው ፈጣን ፍቅርና ዘፈን ነው። የራጅ ካፑር ቀልደኛ መጣ፣ ያን ሁሉ ኮከብ ይዞ መጣ ሲባል ሰው ሊስቅ ነበር የገባው። ያገኘው ግን 46 ዓመት የሆነው ሰውዬ በየምዕራፉ ልቡ ሲሰበር ነው። አንዳንዱም ተማሪና አስተማሪ በሚለው ነገር ተቆጣ። ባጭሩ ፊልሙ ወደቀ። ኮከቦቹ ቢበዙም አንዳቸውም ሊያድኑት አልቻሉም፤ ብቅ ይላሉ፣ ይሄዳሉ፣ ካሜራው ተመልሶ ራጅ ላይ ነው።

ብዙዎች ፊልሙ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፣ ሰው አልገባውም ይላሉ። በኋላ የፊልም ሃያሲያን ታላቅ ሥራ ነው ብለው እንዳነሱትም እውነት ነው። ሶቭየት ኅብረትም ጥሩ ተቀብሎታል። እኔ ግን የ1970ውን ተመልካች መውቀስ አልችልም። አዋራ ውስጥ ያለው ምስኪን ራሱ አያለቅስም፤ የምናለቅስለት እኛ ነን። ጆከሩ ግን ለራሱ አብዝቶ ያዝናል፤ ለእኛ የሚተርፍ ሐዘን የለም። አራት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ከሆነ ሰው ቢነሳ ምን ይገርማል?

መከራው በፊልሙ አላበቃም። በ1971 የመጀመሪያ ልጁ ራንዲር አባቱንና አያቱን ይዞ የሠራው ፊልምም አልሆነም። ዘፈኖቹን ይሠሩለት ከነበሩት ሁለት ሙዚቀኞች አንዱ ጃይኪሻን በዚያው ዓመት ሞተ። በ1972 አባቱን ቀበረ፤ ብዙም ሳይቆይ እናቱን። ዕዳው እዚያው አለ። አበዳሪ ደግሞ ለቅሶ ላይ ነህ ብሎ አይምርም።

ታዲያ ምን አደረገ? ኮከብ መቅጠሪያ የለውም። ስለዚህ የራሱን ልጅ ወሰደ። ጆከር ውስጥ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ልጅ ራጁን ሆኖ የተጫወተው ሪሺ ነበር፤ ፊልሙ ሲወድቅ እሱ በዚያ ትወና የህንድን ብሔራዊ የሕፃናት ተዋናይ ሽልማት አግኝቷል። ራጅ ከእሱ ጎን ዲምፕል ካፓዲያ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ አቆመ፤ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርታ አታውቅም። የሀብታም ልጅና የድሃ ልጅ ይዋደዳሉ፣ ቤተሰብ እምቢ ይላል፣ ይጠፋሉ። በቃ ይኸው ነው። ራጅ ራሱ አልተወነበትም። ቦቢ በ1973 ወጣ፤ ህንድን ብቻ ሳይሆን ሶቭየት ኅብረትንም አጥለቀለቀ። ዕዳው ተከፈለ። ቪዲዮ ቤታችን ውስጥ አንዱ ሀብታም ሌላው ድሃ የሆነባቸው ስንት ፊልሞች እንዳየን ሳስብ፣ ግማሾቹ የቦቢ ልጆች ናቸው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ዳይሬክተር ሆኖ ቀጠለ። የመጨረሻ ፊልሙ በ1985 ወጣ፤ እሱም ብዙ ተመልካች አገኘ። እሱ ግን ከሠራቸው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንን የወደቀውን ነበር።

አስሙ ጠንቶበት ነበር። በ1988 ትልቁን የህንድ የሲኒማ ሽልማት፣ ዳዳሳሄብ ፋልኬን ሊቀበል ኒው ዴልሂ ሄደ። ስሙ ሲጠራ ትንፋሽ አጥሮት መነሳት አቃተው። ፕሬዚዳንት ቬንካታራማን ደንቡን ትተው ከመድረክ ወርደው ወንበሩ ድረስ ሄደው ሰጡት። ከአዳራሹ በቀጥታ ሆስፒታል ተወሰደ፤ አንድ ወር ያህል ታግሎ ሰኔ 2 ቀን 1988 በ63 ዓመቱ አረፈ። ለዕዳ የተረፈው ስቱዲዮ በ2017 ተቃጠለ፤ ለዓመታት የተጠበቁት የፊልም አልባሳት አብረው ነደዱ። ቤተሰቡም መልሶ መሥራቱ አያዋጣም ብሎ ቦታውን ሸጠው።

ጆከር አሁን ኢንተርኔት ላይ አለ። አራቱን ሰዓት በሞባይል ዳታ እንዳትሞክሩት፤ ካርድ ይጨርስባችኋል። ዋይፋይ ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ሪሺ ያለበትን ብቻ እዩ። እሷ ብቻዋን አንድ ፊልም ሆና ብትወጣ ኖሮ ራጅ ንብረቱን ማስያዝ ባላስፈለገው ነበር።