ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን፦ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት

ከሐይቅ ተነሥቶ አምባሰልን አቋርጦ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ገደሉንና ቆላውን ካለፈ በኋላ የመቅደላን አምባ ያገኛል። መቅደላ ሲነሣ በሁላችን ሐሳብ ቀድመው የሚመጡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህ እትም ለቁምስናዎቻችን ምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናቀርብ የወደድነው ንጉሠ ነገሥቱ በወደቁበት ሰሞን ከዚያው አምባ ስለ ተወሰደ አንድ ሕፃን ታሪክ ነው። ሕፃኑ አድጎ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለመሆን በቅቷል።

ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ጋር ወደ መቅደላ በመምጣቱ ሕፃኑም ያደገው በአምባው ላይ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ከህንድ ያዘመተው የእንግሊዝ ጦር የበሽሎን ወንዝ ተሻግሮ ደረሰ። በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከወገን ወታደሮች በመቶ የሚቈጠሩ ረገፉ። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ተያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ጥቂት ቀናት ቈይቶ መቅደላ በእሳት ጋየ። በዚያ ትርምስ መካከል ከወላጆቹ የተለየውን የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ቻምበርሌን የሚባል አንድ የእንግሊዝ የጦር መኰንን አግኝቶ ወደ ህንድ ይዞት ሄደ።

ከመቅደላ በዚያን ጊዜ የተወሰደ ሌላም ልጅ ነበረ፤ እርሱም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዓለማየሁን የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ታውቀው ነበር፤ በታላላቅ ትምህርት ቤቶችም ገብቶ ተምሯል። ነገር ግን አገሩን ሳያይ በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ስለ ልዑሉ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሁለተኛው ልጅ ግን በዚያ ዘመን የሚጠይቅ አልነበረም።

ቻምበርሌን ብዙ ሳይቈይ በመሞቱ፣ ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን የልጁን የትምህርት ወጪ ቻለ። ልጁም ከሁለቱ መኰንኖች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ካደገ በኋላ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1882 ተመረቀ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አጠናቀቀ፤ በበርማም የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በዚህ ሁሉ ዘመን አማርኛን ፈጽሞ ረስቶ ነበር። ሐበሻ መሆኑን ያውቃል፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ግን አያውቅም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድል ዜናው እስከ በርማ ተሰማ። ዶክተር ማርቲን ፈቃድ ጠይቀው በዘይላ በኩል ጉዞ ጀመሩ፤ በ1891 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ደረሱ። ድንኳን ተክለው በአስተርጓሚ እየተነጋገሩ ሕሙማንን ማከም ያዙ። ዐፄ ምኒልክም በመልካም ተቀበሏቸው። ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በልጅነታቸው በመቅደላ ዐሥር ዓመት ያህል ታግተው ኖረው በ1857 ዓ.ም. ያመለጡ ናቸው። ንጉሡና ሐኪሙ የአንድ አምባ ምርኮኞች ነበሩ ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ ሐበሻ ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ በአገሩ ሲናኝ አንዲት አሮጊት ሰሙ። በመቅደላ የጠፋ የልጅ ልጅ ነበራቸውና፣ ሐኪሙን ለማየት ፈቃድ ለመኑ። ቀርበውም ክንዳቸውንና እግራቸውን መረመሩ፤ ሕፃኑ በልጅነቱ የነበረበትን ጠባሳ በየቦታው አገኙት። አያት የልጅ ልጃቸውን ያወቁት በዚህ ዓይነት ነው። ያ ጐልማሳ ሰው ወርቅነህ መባሉን፣ አባቱም እሸቴ መሆኑን የተረዳው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነበር። ሰው የራሱን ስም ከሌላ ሰው አፍ እንደ አዲስ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው እኛ ለመናገር አንደፍርም።

ሐኪም ወርቅነህ ግን ወዲያውኑ በአገራቸው አልቀሩም። የእንግሊዝ መንግሥት ተቀጣሪ ነበሩና ወደ በርማ ተመለሱ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ ያም ዐፄ ምኒልክ የታመሙበት ጊዜ ነው። ከቤት ንብረቱ ነጥቆ የወሰደውን መንግሥት እንዴት ሊያገለግሉ ቻሉ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያስተማራቸውና የእለት እንጀራቸውን የሰጣቸውም ያው መንግሥት ነበር። ሸክሙን ከእርሳቸው በቀር የሚመዝነው ያለ አይመስለንም። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች አፈሩ፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ሲሰናበቱም በ1911 ዓ.ም. ገደማ ጠቅልለው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ከሕክምናው ይልቅ የሰፋ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ራሳቸው በልጅነታቸው ከወገን የተለዩ ነበሩና ይህ ሁለተኛው ሥራ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነክቶታል። የረሱትን አማርኛ ተምረው የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ። በ1920 ዓ.ም. የጣና ግድብን ጉዳይ ለመነጋገር ወደ ኒው ዮርክ ተላኩ፤ ቀጥሎም የጨርጨር ገዥ ሆኑ።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ወዲያውም የኢጣሊያ ወረራ መጣ። በልጅነታቸው ማርኮ በወሰዳቸው ሕዝብ ዋና ከተማ፣ በሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ስለ ኢትዮጵያ ርዳታ ሲለምኑና ሲከራከሩ ቈዩ። በአገር ውስጥ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በኢጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። አባት ሬሳቸውን ለመቅበር እንኳ አልታደሉም። ሁለተኛውን የስደት ዘመናቸውን በህንድ አሳልፈው በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. በሰማንያ ሰባት ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ሕዝቡም በእንግሊዞች የተሰጣቸውን ስም ትቶ ሐኪም ወርቅነህ እያለ ይጠራቸዋል።