ሕዝብ የሸሸውን የጥላ ማሽን በቤታቸው ያኖሩት ንጉሥ

ደብረ ታቦር፦ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ብረት ያስቀለጡበት፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ከጋፋት ምድጃ ጀርባ የነበረው ምኞት ግን ከመድፉም ይከብዳል። ሌላው ዓለም የደረሰበትን ጥበብ ኢትዮጵያም እንድትደርስበት የመሻት ምኞት ነበር።

ይህን ምኞት በንጉሡ ቤት ኾነው በቅርብ እያዩ ካደጉት አንዱ፣ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ተብለው የነገሡት የሸዋው ልዑል ናቸው። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። በ1848 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ በዘመቱ ጊዜ አባታቸው በሕመም ዐረፉ፤ ሕፃኑም ተማርከው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሄዱ። ምርኮኛ ቢኾኑም እንደ ልጅ ተያዙ፤ የንጉሡን ልጅ ወይዘሮ አልጣሽንም አገቡ። አሥር ዓመት ገደማ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ የአባታቸውንም ዙፋን ያዙ።

ሁለቱ ነገሥታት ጥበብን ወደ ሀገር ለማምጣት የሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጉልበት ቸኮሉ፤ በመጨረሻም አውሮፓውያንን እስከማሰር ደረሱ፤ ጦር መጣባቸው፤ በመቅደላ ተሠዉ። ዐፄ ምኒልክ ግን ባለሙያውን በደመወዝና በክብር አቆዩት። በ1871 ዓ.ም የመጣው የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አገለገላቸው። ንጉሡ ራሳቸውም አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ሥራውን በዐይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ዳስሰው መመርመር ይወዱ እንደነበር ያዩአቸው ተጓዦች ጽፈዋል።

ሲኒማ የተወለደው በዐድዋ ዘመን ነው። ሉሚዬር የተባሉት የፈረንሳይ ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ለከፋይ ተመልካች ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም ነበር። ከዚያች ምሽት እስከ የካቲት 23ቱ የዐድዋ ድል ድረስ ያለው ጊዜ ከሁለት ወር ብዙም አይበልጥም። ፓሪስ በግድግዳ ላይ የሚሄዱ ጥላዎችን ስታደንቅ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር።

የዚያን ዘመን ማሽን አሠራር ቀላል ነው። 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ዳርና ዳሩ የተበሳሳ ስስ ጥቅል በመብራትና በመስተዋት መካከል ያልፋል። በጥቅሉ ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶግራፎች ተደርድረዋል። አንድ ሰው እጀታውን በእጁ ሲያዞር በሰከንድ 16 ያህል ሥዕሎች ይፈራረቃሉ፤ ዐይንም መፈራረቃቸውን መለየት ስለማይችል ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። የመጀመሪያዎቹ የሉሚዬር ፊልሞች 17 ሜትር ገደማ ርዝመት ነበራቸው፤ አንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ይህ ማሽን ኢትዮጵያ ለመድረስ ብዙ አልዘገየም። በ1890 ዓ.ም አንድ ፈረንሳዊ ይዞት ወደ አዲስ አበባ መጣ። በገንዘብ አሳይቶ ሊያተርፍ ነበር ሐሳቡ፤ ገበያው ግን አልሰመረለትም። ካህናቱ ነገሩን አልወደዱትም፤ ሕዝቡም ሸሸው። ይህን ፍርሃት እንደ አላዋቂነት ቈጥሮ መሳቅ አይገባም። የሀገሬው ሰው ሥዕልን አሳምሮ ያውቃል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑንና ሰማዕታቱን እያየ ነው ያደገው። የሥዕል ወጉ ግን ባለበት ጸንቶ መቆም ነው። በጨለማ ቤት ውስጥ ሥጋ የሌለው ሰው ሲራመድና ሲስቅ ማየት፣ ማን እንዳንቀሳቀሰው ለማያውቅ ሰው የመንፈስ ሥራ ቢመስለው አያስደንቅም። ከዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተው የሲኒማ አዳራሽ እንኳ የሰይጣን ቤት የሚል ስም ወጥቶለታል።

ፈረንሳዊው ተስፋ ቈርጦ ማሽኑን ለጣሊያኑ መልእክተኛ ለቺኮዲኮላ ሸጠው። መልእክተኛውም ለዐፄ ምኒልክ ስጦታ አድርጎ አቀረበው። በዐድዋ የተሸነፈችው ሀገር እንደራሴ፣ ላሸነፉት ንጉሥ የዘመኑን ድንቅ ዕቃ በእጁ አበረከተ።

የንጉሡ ጠባይ የታየው እዚህ ላይ ነው። ካህናቱን ተጋፍተው ሕዝቡ በግድ እንዲያይ አላዘዙም፤ ሕዝብ ፈራው ብለውም ማሽኑን አልጣሉም። ወደ ቤታቸው አስገቡት፤ በግቢያቸው እንዲታይ አደረጉ፤ ራሳቸው ቁጭ ብለው አዩት። በሌላው ዓለም ሲኒማ በቡና ቤትና በገበያ አደባባይ ሲስፋፋ፣ በኢትዮጵያ ግን መጠጊያ ያገኘው በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነው። እርግጥ ግቢው የንጉሥ ግቢ ነበርና ተራው ሰው ለማየት ብዙ ዓመት መጠበቅ ግድ ኾኖበታል። ነገር ግን ንጉሡ ያዩትን ነገር ርኩስ ነው ብሎ ማውገዝ ከዚያ ወዲያ ቀላል አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ድንቅ ዕቃ ቤተ መንግሥቱ ገባ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም መጨረሻ በሰም ጥቅል ላይ ድምፃቸውን ቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ዐፄ ምኒልክ ድምፁን ደጋግመው አዳመጡ፤ ለክብሩም መድፍ አስተኮሱ። በ1891 ዓ.ም ደግሞ ንጉሡና እቴጌይቱ የየራሳቸውን ድምፅ አስቀርጸው መልስ ሰደዱ። የቪክቶሪያ ጥቅል ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ በራሳቸው ፈቃድ ታዝዞ ነበርና ጠፋ። የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ድምፅ ግን ተጠብቆ ስለቆየ ዛሬም ይሰማል። የተቀመጠው ዘመን ተሻገረ፤ ያልተቀመጠው ከባለቤቱ ጋር ቀረ።

የፊልም ነገርም እንዲሁ ነው። የጥንቱ ጥቅል የሚሠራበት ነገር በቀላሉ ይቃጠላል፤ ሙቀትና እርጥበትም ያበላሸዋል። በመላው ዓለም ከመጀመሪያዎቹ ፊልሞች እጅግ ብዙዎቹ የጠፉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከ1915 ዓ.ም ወዲህ ግን ለቤት የሚኾን፣ በቀላሉ የማይቀጣጠል ጠባብ ጥቅልና ትንሽ ማሽን ተሠራ። ከዚያ ጀምሮ በልዩ ልዩ ሀገር የቆዩ ፊልሞችን ሰብስበው፣ አቧራውን ጠርገው፣ የተቈረጠውን ቀጥለው፣ ማታ ማታ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ለቤተሰብና ለጎረቤት የሚያሳዩ ሰዎች ተነሡ። ሥራው መዝናኛ ቢመስልም ፍሬው ትልቅ ነው። ሜትሮፖሊስ የተባለው የ1919 ዓ.ም የጀርመን ፊልም ብዙ ክፍሉ ጠፍቷል ተብሎ ለ80 ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም በአርጀንቲና የተገኘው ቀድሞ አንድ ሰብሳቢ ባስቀመጠው ቅጂ አማካይነት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ከሲኒማው ሌላ ብዙ ነገር ትተው አልፈዋል። በስማቸው ገንዘብ ተቀረጸ፤ ባቡር በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደረሰ፤ ባንክ በ1898 ዓ.ም፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም ተከፈተ። በመጨረሻ ዓመታቸው ሕመም ጸናባቸው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ዐረፉ።

የደቡብ ጎንደር ገበሬ ከምርቱ ምርጡን ለዘር ለይቶ ያስቀምጣል፤ የክፉ ዘመን ረኀብ እንኳ ዘሩን እንዲበላ በቀላሉ አያስጨክነውም። የቆየ ፎቶግራፍ፣ የድምፅ ክርና የፊልም ጥቅልም የትውልድ ዘር ናቸው። በቤቱ ከአባት የተረፈ ጥቅል ያለው ሰው ከጭስ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቆ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ስፍራ ያኑረው። የኮምጣጤ ሽታ ካመጣ መበላሸት ጀምሯልና ከሌሎቹ ለይቶ ሳይውል ሳያድር ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳየው። ሌላው ሰው የሸሸውን ወይም የናቀውን ዕቃ ቤቱ አስገብቶ መጠበቅ ምን እንደሚያተርፍ፣ ጋፋትን ከመሠረቱት ንጉሥ ቤት ያደጉት ዐፄ ምኒልክ አሳይተዋል።