ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳና የነቀምት መዛግብት

ከነቀምት ከተማ ተነሥቶ በዲጋ በኩል ወደ ደዴሳ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፍበት አገር ከመቶ ዓመት በፊት የአንድ ቤት ግዛት ነበረ፤ ይህም የሌቃ ነቀምት ገዥዎች ቤት ነው። የዛሬው ትረካችን ከዚህ ቤት ሦስተኛው ገዥ ስለ ነበሩት ስለ ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፥ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር ስለ ተባሉት ሰው ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ መኳንንት ብዙዎች ናቸው፤ የአብዛኞቹ ሥራ ግን በሽማግሌ አፍ ብቻ የቀረ ሆኖ፥ ሽማግሌው ሲሞት አብሮት ተቀብሯል። የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ታሪክ እንዲህ አልሆነም፤ የተላከላቸው ደብዳቤ በቤታቸው ተጠብቆ ቆይቷልና።

አያታቸው በከሬ ጎዳና የሌቃን ነገዶች በኃይልም በዘዴም በአንድ እጅ ሥር ያደረጉ የጦር አለቃ ነበሩ። ልጃቸው ሞረዳ በከሬ ግን የተቀበሉት አገር ከሁለት ወገን የሚፈለግ ነበረ። በሰሜን ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው የጎጃም ጦር ግብር ይጠይቅ ነበር፤ በምሥራቅ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ጎበና ዳጬ እየገሠገሠ መጣ። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ሲማረኩ፥ የምዕራቡ ምድር ለማን እንደሚገብር ተቈረጠ። ሞረዳ ከጎበና ጋር ሳይዋጉ ታረቁ። ይህን አንዳንዱ ፍርሃት ነው ይላል፤ ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው የተዋጉ አገሮች እንዴት እንደ ጠፉ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ቀስ አድርጎ ይናገራል። በዕርቁ ምክንያት የሌቃ ነቀምት ምድር ለሌላ ሹም አልተሰጠም፤ ቤተሰቡም ቁርጥ ግብር እየከፈለ አገሩን ራሱ እንዲያስተዳድር ተፈቀደለት። በምዕራብ የቄለሙ ጆቴ ቱሉ፥ በደቡብም የጅማው አባ ጅፋር እንዲሁ አደረጉ።

ኩምሳ በአባታቸው እግር የተተኩት በ1881 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዓመቱ የጭንቅ ዓመት ነበረ። ደርቡሾች ከሱዳን ተነሥተው ወደ ወለጋ ዘልቀው በጉቴ ዲሊ በራስ ጎበና ጦር ድል ሆኑ፤ ጥቂት ቆይቶም አፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፥ ራስ ጎበናም ዐረፉ። የአባታቸውን ወዳጅነት ያጸኑት ሰዎች ሁሉ በአንድ ወቅት ሲጠፉ፥ ወጣቱ ኩምሳ አዲሱን ንጉሠ ነገሥት በራሳቸው ማሳመን ነበረባቸው። የተጠመቁትም ምኒልክን የክርስትና አባት አድርገው ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የገባሪነት ግዴታ ብቻ ሳይሆን፥ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት እንደ ሥጋ ዝምድና የሚቈጠረው የአበ ልጅነት ማሰሪያ ነበረ። ጥምቀቱን የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነውና በዚህ ላይ አንፈርድም፤ ይህ ስም ግን በጽሑፍ ላይ የክብር ጌጥ ሆኖ አልቀረም፥ ልጃቸውንም ሀብተ ማርያም ብለው አሳድገዋል።

አሁን ወደ መዛግብቱ እንመለስ። በነቀምት የሚገኘው ቤተ መንግሥት በሞረዳ ዘመን ተጀምሮ በኩምሳ ዘመን የሰፋና ያማረ ሲሆን ዛሬ ሙዚየም ነው። በዚያ ከተጠበቁት ወረቀቶች ብዙዎቹ በአማርኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው። በዚያ ዘመን ልማድ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም የሚመታው እንደ ዛሬው ከጽሑፉ በታች ሳይሆን ከላይ ነው። ዘውድ የደፋው መስቀል የያዘው አንበሳ በክቡ ውስጥ ተሥሎ ይታያል፤ ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው ማንበብ ባይችል እንኳ ሥዕሉን አይቶ ከማን እንደ መጣ ያውቃል። የደጃዝማች ኩምሳ የአፍ ቋንቋ ኦሮምኛ ነበረ፤ ስለዚህ በንጉሡና በእርሳቸው መካከል ሁልጊዜ አንድ ጸሐፊ ይቆም ነበር። በዚያ ዘመን ብዕር መያዝ የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበረና፥ ካህናት አንባብያን ይህን ልብ ይበሉ፤ ጥላሸትና የተቃጠለ እህል ከሙጫ ጋር አዋሕዶ ቀለም ማዘጋጀትን ከመምህሩ የተማረው ደብተራ ነው በጳጕሜን ሰዓታት የሚቆመውም፥ የወርቅ ግብር የሚቈጥረውም።

ግብሩ ቀላል አልነበረም። የወለጋ ወንዞች ወርቅ ይሰጣሉ፤ ወርቁ በውኃ እየታጠበ ከአሸዋ ተለይቶ በወቄት ይመዘናል። ከእርሱም ጋር የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድና ማር ይላክ ነበር። ንጉሡ የሚጠይቀው ከሕዝቡ ሊወጣ ግድ ነው፤ አብዝቶ የጠየቀ ገዥ ሕዝቡ ይሸሸዋል፥ አሳንሶ የላከም ይጠረጠራል። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ሄደዋል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ሲዘምቱም አብረው ዘምተዋል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ፥ ልንሰውረው አይገባም፤ በዚያ ዘመን ከምዕራቡ ምድር ከወርቁ ጋር የሰው ልጅም ለገበያ ይወጣ ነበር። የገዥዎቹ ቤት ከዚህ ንግድ ንጹሕ ነበረ ብሎ የሚጽፍ ሰው ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ይጽፋል።

በባርነት ተሽጦ ከነበረ አንድ ሰው ጋር የተገናኙትም በዚሁ ቤት ነው። ይህ ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። በኢሉባቦር ተወልዶ፥ በልጅነቱ ተሸጦ፥ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ በስዊድን የተማረ ነበረ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ከነአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1891 ዓ.ም. አሳተመ፤ የጻፈበትም ፊደል የግዕዝ ፊደላችን ነው። በ1896 ዓ.ም. ነቀምት ሲደርስ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት፥ ያስተምርም ዘንድ ፈቀዱለት። ካህናት ግን ትምህርቱ ከሚስዮን ነው ብለው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ከሰሱት፤ በ1898 ዓ.ም.ም ከስብከት ተከለከለ፥ በነቀምት መኖሩ ግን አልተነካም። በሃይማኖት ትምህርት ረገድ ካህናቱ ስለ መንጋቸው መጨነቃቸው ተገቢ ነበረ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይህ ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ ወንጌልን ለማንበብ ሲጠማ፥ ከእኛ ወገን በኦሮምኛ የሚጽፍ ስንት ነበረ? ደጃዝማቹ የተጠመቁት በእኛ ሥርዓት ነው፤ ካህናት ወደ ነቀምት መጥተው አብያተ ክርስቲያናት የተተከሉትም በእርሳቸውና በአባታቸው ዘመን ነው፤ ያም ቢሆን የሕዝባቸውን ቋንቋ የጻፈውን ሰው ከቤታቸው አላሳደዱም።

ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በ1910ዎቹ ዓመታት ዐረፉ፤ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምም ተተኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለወረቀት የሚራራ አልነበረም። የኢጣልያ ወረራ ሆነ፤ በ1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ የጥቁር አንበሳ አርበኞች በአውሮፕላን የመጡትን ኢጣልያውያን የደመሰሱት በዚሁ አገር ነው። ቀጥሎም በደርግ ዘመን የባላባቶች ቤት ሁሉ ተወረሰ። ምስጥ፥ ዝናብና የሰው እጅ በተባበሩበት በዚህ ሁሉ ዘመን ወረቀቶቹ ከጥፋት ተርፈው፥ የታሪክ ሊቃውንቱ ተሰማ ታአና አለሳንድሮ ትሪውልዚ ብዙዎቹን አሰባስበው ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት ላለው የወለጋ ታሪክ ምንጭ እንዲሆኑ በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። በወለጋ አድባራት በሚገኙ ሣጥኖች ውስጥም ከመጻሕፍቱ ቅጠል መካከል የገባ የርስት ውል ወይም የሹም ደብዳቤ የሚያገኝ የደብር አለቃ ሳይኖር አይቀርም፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከማኅተሙ ጋር ሳያጥፍ፥ ከእርጥበትም አርቆ ያኑረው።