ከደባርቂ እስከ ደረስጌ

ጎንደር ተወልዶ የዐፄ ቴዎድሮስን ስም ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። አባቶቻችን ሲያወጉን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከድላቸው ወይም ከመቅደላ ነው። ውድ አንባቢዎች፣ እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ሽንፈታቸውን ነው፤ ይኸውም ካሣ ኃይሉ ገና ሳይነግሥ በደባርቂ የደረሰበትን ነገር ነው።

ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ መኳንንት ወገን ነበሩ። ነገር ግን እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በጎንደር በችግር ኮሶ እየሸጡ እንዳሳደጉት ይነገራል። ይህ እውነት ይሁን ወይም ጠላት ያወራው፣ ካሣ የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ትምህርቱን የጀመረው በማኅበረ ሥላሴ ገዳም ሲሆን፣ ገዳሙ በጦር በተወረረ ጊዜ ብዙ ጓደኞቹ ሲያልቁ እርሱ ለጥቂት እንዳመለጠ ይተረካል። ከዚያም ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገብቶ የጦር ሥራ ተማረ። ክንፉም በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ርስቱም ሹመቱም ለሌላ ስለ ሆነ ወደ ቋራ በረሃ ወርዶ ሸፈተ።

በዚያን ዘመን ደምቢያን ይገዙ የነበሩት የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ነበሩ። ሽፍታውን በጋብቻ ለማሰር ሲሉ የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ግን አላሰረውም። በ1839 ዓ.ም. ተዋግቶ መነንን ማረካቸው፤ በኋላም በእርቅ ለቀቃቸው።

በዚህ ድል ልቡ የሞላ ካሣ በ1840 ዓ.ም. ብዙ ሠራዊት ይዞ፣ ሱዳንን ይገዙ ወደ ነበሩት ወደ ግብፆች ዘመተ። ደባርቂ ላይ ያገኛቸው ወታደሮች በቁጥር ከእርሱ ሠራዊት እጅግ ያነሱ ነበሩ። ዳሩ ግን በምሽግ ውስጥ ሆነው፣ በአለቃቸው ትእዛዝ እየተኮሱ፣ መድፍም ይዘው ይጠብቁት ነበር። የካሣ ሰዎች በአገራችን ልማድ እየፎከሩ፣ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም እያሉ ወደ ምሽጉ ሮጡ። ፉከራው መድፉን አላቆመውም። ብዙ ጀግና ምሽጉ ሥር ሳይደርስ ወደቀ፤ የቀረውም ተበትኖ ተመለሰ።

ስለ መልሱ ጉዞ አንድ ነገር ይተረካል። ካሣ ቆስሎ ስለ ነበር ለሐኪሙ የሚከፈል ላም ከአማቱ ቢያስለምን፣ መነን አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ላኩለት ይባላል። ከቁስሉ ይልቅ ያመመው ይህ ንቀት ነው። ተዋበች ግን ከአያቷ ይልቅ ከባሏ ጋር ቆመች።

እኛ ተማሪዎች በፈተና ስንወድቅ ብዙ ጊዜ ጥያቄው ከበደ፣ መምህሩ ጨከነ እንላለን። ካሣም ዕድሉን ወይም በረሃውን ለመውቀስ በቂ ምክንያት ነበረው። እርሱ ግን ያሸነፈውን ነገር መረመረ። ብዛትና ጀግንነት ያለ ሥርዓት ከንቱ መሆኑን፣ መድፍ የያዘ ጥቂት ሰው ብዙውን እንደሚመልስ ተረዳ። ከዚያ ወዲህ ወታደሮቹን በትእዛዝ መዋጋትን ማስተማር፣ ጠመንጃም ማሰባሰብ ያዘ።

ውጤቱም ከአራት ዓመት በኋላ ታየ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ታቁሳ ላይ የራስ ዓሊንና የደጃዝማች ውቤን የጦር አለቆች፣ በሰኔ ደግሞ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ራሳቸውን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደጋ ደረስጌ ላይ ውቤን ማረከ። ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ አቡነ ሰላማ ቀብተውት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ለውቤ ንግሥ ተሰናድቶ የነበረው ስፍራ ለኮሶ ሻጭ ልጅ ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ ደባርቂን በዙፋን ላይም ሆነው አልረሱም። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። የመጀመሪያው ሙከራ ሲበላሽም እንደገና እንዲሞክሩ አደረጉ። በመጨረሻ ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

ይሁን እንጂ የጎንደር ልጅ ሆኜ ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም እውነቱን ሸሸግሁ ማለት ነው። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ከሞተች በኋላ፣ ዓመፁም በየአውራጃው በበዛ ጊዜ፣ ንጉሡ እየጨከኑ ሄዱ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ መጻሕፍቱንም ወደ መቅደላ አስወሰዱ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በጦር ሜዳ ከደረሰባቸው ሽንፈት የተማሩትን ያህል ከሕዝቡ ቅሬታ አልተማሩም። በሕፃንነታቸው ገዳም ሲወረር ያዩ ሰው ይህን ማድረጋቸው እስከ ዛሬ ሽማግሌዎቻችንን ያከራክራል።

ሴባስቶፖልን ግን አልተዉም። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ መንገድ እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ከወታደሮቻቸው ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ስድስት ወር ያህል አስጎተቱት። የእንግሊዝ ጦር በደረሰባቸው ጊዜ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው አለፉ። መጻሕፍቱን እንግሊዞች ወሰዷቸው። ሴባስቶፖል ግን ሊጭኑት የማይቻል ከባድ ስለ ነበር፣ ዛሬም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።