ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ

ሰርጌይ ፓቭሎቪች ኮሮሊዮቭ (ጥር 4 ቀን 1899 – ጥር 6 ቀን 1958 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. 1907–1966) የሶቪየት ኅብረት የሮኬት መሐንዲስ ነበር። የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይትና የመጀመሪያውን ሰው ወደ ጠፈር ያደረሱትን ሮኬቶች ሥራ መርቷል። ስሙ ግን እስኪሞት ድረስ የመንግሥት ምስጢር ነበር። ዩሪ ጋጋሪንን ያመጠቀው ሮኬት እውነተኛ ቅርጽም ለዓለም የታየው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በሙሉ መጠኑ በተሠራ ሞዴል ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ኮሮሊዮቭ በዩክሬን በዚቶሚር ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ስለተለያዩ በኒዝሂን ከተማ በእናቱ ወላጆች ቤት አደገ። በወጣትነቱ ሞተር የሌላቸው አውሮፕላኖችን ይነድፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ከሞስኮው ባውማን ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ የመመረቂያ ሥራውንም ታዋቂው የአውሮፕላን መሐንዲስ አንድሬይ ቱፖሌቭ ተቆጣጠረለት። እ.ኤ.አ. በ1933 እሱ የሚመራው ቡድን በፈሳሽ ኦክስጅን የሚሠራ ሮኬት 400 ሜትር ያህል ወደ ላይ አስወነጨፈ።

እስራት

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1938፣ በስታሊን ዘመን፣ በአሻጥር ወንጀል በሐሰት ተከስሶ ታሰረ። በምርመራ ላይ ተደበደበ፣ የ10 ዓመት እስራትም ተፈረደበት። ወደ ኮሊማ የወርቅ ማዕድን ተልኮ በምግብ እጥረት ብዙ ጥርሶቹን አጣ። በኋላ እስረኛ መሐንዲሶች ወደሚሠሩበት የንድፍ ቢሮ ተዛወረ፤ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ከክሱ ሙሉ በሙሉ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1957 ነው።

አር-7 ሮኬት

በዚያው ዓመት የኮሮሊዮቭ ቡድን የሠራው አር-7 ሮኬት የመጀመሪያ የተሳካ በረራውን አደረገ። ሞተሮችን በበረራ ላይ፣ አየር በሌለበት ከፍታ ማስነሳት ያኔ አስተማማኝ ስላልነበረ፣ መሐንዲሶቹ አራት ሾጣጣ ክፍሎችን በመካከለኛው ክፍል ዙሪያ አስጠጉ። አምስቱም ገና መሬት ላይ ሳሉ አንድ ላይ ይቀጣጠላሉ፤ ነዳጃቸውን የጨረሱት አራቱ የጎን ክፍሎች በበረራ ላይ ተላቀው ይወድቃሉ።

መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ከመስቀል በዓል አንድ ሳምንት በኋላ፣ ይህ ሮኬት 83.6 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን ስፑትኒክን አመጠቀ። ተጨማሪ ክፍል የተጨመረበት ቮስቶክ የተባለው ዓይነት ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጋጋሪንን ወደ ጠፈር አደረሰ። ጋጋሪን በመላው ዓለም ሲታወቅ ኮሮሊዮቭ በጋዜጦች የሚጠራው ያለ ስም፣ ዋና ንድፍ አውጪ እየተባለ ብቻ ነበር።

ሞትና የሮኬቱ ሞዴል

ኮሮሊዮቭ በሞስኮ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ በ59 ዓመቱ አረፈ። ሥራው በስሙና በፎቶግራፉ በሰፊው ለሕዝብ የተገለጸው ከሞተ ከሁለት ቀን በኋላ በፕራቭዳ ጋዜጣ ነው። አመዱ በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ተቀመጠ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሶቪየት ኅብረት የቮስቶክ ሮኬትን ሙሉ መጠን ያለው ሞዴል በፓሪሱ የአውሮፕላን ትርዒት አቀረበች። ሞዴሉ ቁመቱ 38 ሜትር ገደማ ሲሆን የተሠራው ለእይታ እንጂ ለበረራ አይደለም። ሆኖም የውጭ አገር መሐንዲሶች አራቱን የጎን ክፍሎችና የሞተሮቹን አደራደር ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያዩት በእርሱ ነው። የቮስቶክ ሞዴል ዛሬ በሞስኮ ቬዴኤንኻ በተባለው የኤግዚቢሽን ስፍራ ቆሞ ይታያል። ከአር-7 የተወለዱት የሶዩዝ ሮኬቶችም እስካሁን ጠፈርተኞችን ያመላልሳሉ።