ማሪ ኩሪ፦ ከዋርሶ እስከ ፓሪስ ላቦራቶሪ

ማሪ ኩሪ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ራዲየምና ሁለቱ የኖቤል ሽልማቶች ናቸው። ከልጅነታችን ጀምሮ የተነገረን ይኸው ስለሆነ አይፈረድብንም። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ከዚያ በፊት ያለውን፣ አንዲት የፖላንድ ልጅ ላቦራቶሪ ፍለጋ አገሯን ጥላ የወጣችበትን ጉዞ ነው። ሄዳ ቀረች ወይስ አልቀረችም የሚለው ጥያቄም አብሮ መነሳቱ አይቀርም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርያ ስክሎዶቭስካ በ1867 ዋርሶ ከተማ ተወለደች። ዋርሶ ያኔ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቷ የፊዚክስና የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ማርያ ገና 10 ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን በከፍተኛ ውጤት ብትጨርስም የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። እሷና እህቷ ብሮንያ የነበራቸው አማራጭ ፖሊስ እንዳይደርስበት ከቤት ቤት እየተዘዋወረ በድብቅ የሚሰጠው ትምህርት ብቻ ነው። በዚያ ደግሞ ሐኪምም ሆነ ፊዚክስ አዋቂ መሆን አይቻልም።

ታዲያ ሁለቱ እህትማማቾች እንዲህ ተስማሙ። መጀመሪያ ብሮንያ ፓሪስ ሄዳ ሕክምና ትማር፣ ማርያ ሠርታ ገንዘብ ትላክላት፤ ብሮንያ ስትመረቅ በተራዋ ማርያን ታስተምር። በቃል ቀላል ይመስላል። ማርያ ግን ለዚህ ስትል ከ1886 ጀምሮ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ገጠር ገብታ በአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ዘንድ የልጆች አስተማሪ ሆነች። የቤቱ የበኩር ልጅ ሊያገባት ፈለገ። ወላጆቹ ግን ድሃ አስተማሪ ለልጃችን አትሆንም ብለው ከለከሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ይወጣ ነበር። እሷ ግን የብሮንያ ወጪ አለባትና ውርደቱን ውጣ ተቀመጠች። ማታ ማታ ብቻዋን ፊዚክስና ሒሳብ ታነባለች፤ በትርፍ ጊዜዋ የገበሬ ልጆችን የፖላንድ ፊደል ታስቆጥራለች። ይኸኛው በሩሲያ ሕግ ያስቀጣ ነበር።

በ1890 ብሮንያ አሁን ነይ ብላ ጻፈች። የሚገርመው ማርያ ወዲያው አልተነሳችም። አባቷን ብቻቸውን ትቶ መሄድ ከበዳት። በዚያ ዓመት ግን ዋርሶ ውስጥ የአጎት ልጅ የሚመራት አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ አገኘች። በወረቀት ላይ ስሟ የኢንዱስትሪና የእርሻ ሙዚየም ነው፤ ስሙ የሩሲያ ሹማምንትን ላለማስቆጣት የወጣ ሽፋን መሆኑ ነው። ማርያ ማታና እሑድ እየሄደች በመጽሐፍ ያነበበችውን በእጇ መሞከር ጀመረች። በእኔ አስተያየት ቆርጣ እንድትሄድ ያደረጋት የእህቷ ደብዳቤ ብቻ አይደለም፣ የላቦራቶሪው ጣዕም ነው።

ጉዞው በ1891 መኸር ሆነ። ከዋርሶ ፓሪስ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ገንዘቧም የተቆጠረ ነው። ፍራሿንና አንሶላዋን ሳይቀር ፓሪስ እንዳትገዛ አስቀድማ በጭነት ላከች። ለመንገዱ የሚሆን ስንቅ ያዘች። ጀርመንን ያቋረጠችው በአራተኛ ማዕረግ ነው። የአራተኛ ማዕረግ ፉርጎ መቀመጫው በዙሪያው ብቻ ሆኖ መሃሉ ባዶ ስለነበር ታጣፊ ወንበር ይዛ ገባች። 24 ዓመቷ ገደማ ነበር። ለአባቷም ተምሬ እመለሳለሁ፣ አብረን እንኖራለን ብላ ነው የሄደችው።

ሶርቦን ስትመዘገብ ስሟን በፈረንሳይኛ ማሪ ብላ ጻፈች። መጀመሪያ እህቷ ቤት ተቀመጠች፤ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ የሆነ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ተከራየች። ክረምት ላይ መታጠቢያ ውሃዋ በረዶ ይሆን ነበር፤ ልብሷን ሁሉ ደራርባ ትተኛለች። ያም ሆኖ በ1893 በፊዚክስ አንደኛ፣ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ወጣች። የሁለተኛው ትምህርት ወጪ የተሸፈነው ከፖላንድ ባገኘችው 600 ሩብል ነው። ይህ ድጎማ እንጂ ብድር አልነበረም። እሷ ግን የብረታ ብረትን መግነጢሳዊ ጠባይ እንድታጠና በተሰጣት ሥራ ካገኘችው የመጀመሪያ ገቢ ላይ ቆጥባ መለሰችው፣ ሌላ ድሃ ተማሪ ይጠቀምበት ብላ። ከዋርሶ ስትነሳ ያሰበችውን ላቦራቶሪ በሊፕማን ዘንድ አገኘች። ቦታው ስለጠበባት ሌላ ስታፈላልግ ነው ከፒየር ኩሪ ጋር የተዋወቀችው።

በ1894 በጋ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሥራ ፈለገች፤ የክራኮው ዩኒቨርሲቲ ግን ሴት በመሆኗ አልቀበልም አላት። ፒየር ደግሞ ከፓሪስ መጻፉን አላቆመም፤ ፖላንድ ድረስ መጥቶ ለመኖር እንኳ ተዘጋጅቶ ነበር። ተመልሳ ሄደችና በ1895 ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ያለው የሚታወቅ ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን፣ በ1898 ፖሎኒየምና ራዲየም፣ የ1903 የፊዚክስና የ1911 የኬሚስትሪ ሽልማት። ፖሎኒየም የሚለው ስም የፖላንድ ነው፤ ያኔ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ የለችም።

አባቷ በ1902 አረፉ። ከፓሪስ ብትገሰግስም በሕይወት አልደረሰችባቸውም። የመመለሱን ቃል ለእሳቸው አልፈጸመችውም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም።

ለአገሯስ? በ1912 ከዋርሶ መልእክተኞች መጥተው ተመለሽ አሏት። ፒየር በ1906 በፈረስ ጋሪ ተገጭቶ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ በፓሪስም የራዲየም ተቋሙ ገና እየተቋቋመ ነበር። አልመለስም አለች። ሆኖም የዋርሶውን ላቦራቶሪ ከሩቅ ሆና ለመምራት ተስማማች፣ ተማሪዎቿን ላከች፣ በ1913 ራሷ ተገኝታ መረቀችው። በ1929 ደግሞ አሜሪካ ሄዳ የአንድ ግራም ራዲየም መግዣ 50,000 ዶላር ተቀበለች። ያ ራዲየም ለፓሪስ አልነበረም። በ1932 ዋርሶ ላይ ለተከፈተው የራዲየም ተቋም ነው። ለምረቃው መጣች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1934 ሞተች። ተቋሙን በዳይሬክተርነት የመራችው ደግሞ ያቺው ሐኪሟ እህቷ ብሮንያ ነበረች።